በሩን ዘጊው ሌላ፣ ደጁን ጠራጊው ሌላ

የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ከንቲባዎችና የምክር ቤት አባላት በኦገስት 2024 ለዓመታዊ ጉባኤያቸው ኦታዋ ተሰብስበው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በወሩ 20ኛ ቀን የክፍለ ግዛቲቱ ጤና ሚኒስትር ሲልቪያ ጆንስ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከሕፃናት ማቆያ በ200 ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉ የዕፅ መውሰጃ ጣቢያዎች እስከ ማርች 31 ቀን 2025 እንዲዘጉ መንግሥታቸው መወሰኑን አስታወቁ። የሚዘጉት አሥር ነበሩ፤ አምስቱ ቶሮንቶ ውስጥ፣ የቀሩት በኦታዋ፣ በሃሚልተን፣ በኪችነር፣ በጉዌልፍና በተንደር ቤይ። አዳራሹን የሞሉት ሰዎች እነዚህን መሰል ከተሞች የሚያስተዳድሩ ናቸው። ጣቢያው በተዘጋ ማግስት መናፈሻ ውስጥ ስለተጣለ መርፌ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስለወደቀ ሰው አቤቱታ የሚሰማው እነሱ ቢሮ ነው። ድምፅ እንዲሰጡበት ግን አልተጠየቁም።

ጣቢያዎቹ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ በሚለው ላይ ብዙ ተብሏል፣ እዚህም መነሳቱ አይቀርም። የዚህ ዳሰሳ ዋና ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ ከላይ ያለው መንግሥት በሩን ሲዘጋ ከታች ያለው ማዘጋጃ ቤት ምን አደረገ? ምንስ ማድረግ ይችል ነበር? መልሱ ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዳንዱ ተሟገተ፣ አንዳንዱ ዝጉልኝ ብሎ ራሱ ለመነ፣ አንዳንዱ ገንዘብ አጥቶ እጁን አጣጥፎ ተመለከተ።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ጣቢያው ዕፅ አይሸጥም፣ አያድልም። ተጠቃሚው ከመንገድ የገዛውን ይዞ ይገባል፣ ንጹሕ መርፌ ይሰጠዋል፣ ነርስ ወይም የሠለጠነ ሠራተኛ እያየው ይወስዳል። ትንፋሹ ከደከመ ኦክስጅን ይደረግለታል፤ ካልነቃ የዕፁን ኃይል የሚያከሽፈውን ናሎክሶን ይወጋል ወይም በአፍንጫው ይረጭለታል። ፌንታኒል የተባለው ኃይለኛ ዕፅ ገበያውን ከያዘ ወዲህ ሞት የሚመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ አጠገብ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው ልዩነቱ። በፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር አኃዝ መሠረት ከ2017 እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ በካናዳ ጣቢያዎች ውስጥ ከመጠን በላይ ወስደው እርዳታ የተደረገላቸው ጊዜያት ከ50,000 በላይ ናቸው። ድክመቱም መነገር አለበት። በኦንታሪዮ ከሚሞቱት መካከል ብዙዎቹ አሁን ዕፁን የሚያጨሱት እንጂ የሚወጉት አይደሉም፤ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ግን የተሠሩት ለመርፌ ነው፣ የጭስ ክፍል የላቸውም። ስለዚህ ጣቢያው ቢኖርም በሩ ላይ ቆሞ የሚያጨስ ሰው ይኖራል፤ ጎረቤትን ከሚያስመርሩት ነገሮች አንዱ ይሄው ነበር።

በካናዳ የመጀመሪያው ሕጋዊ ጣቢያ፣ የቫንኩቨሩ ኢንሳይት፣ የተከፈተው በሴፕቴምበር 2003 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሊዘጋው ሲሞክር ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ዘጠኙም ዳኞች ለጣቢያው ፈረዱ። ቶሮንቶ የተከተለችው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በ2017 የበጋ ወራት በጎ ፈቃደኞች ያለ ፈቃድ ሞስ ፓርክ ውስጥ ድንኳን ተከሉ፤ በዚያው ሰሞን የከተማው የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ቪክቶሪያ ጎዳና ላይ የራሱን ጣቢያ ከፈተ። አሁን ዘጊ የሆነው የኦንታሪዮ መሪ የዳግ ፎርድ መንግሥትም በ2018 ጣቢያዎቹን አልሰረዛቸውም ነበር። ስማቸው ላይ «ሕክምና» የሚል ቃል ጨምሮ፣ ቁጥራቸው ከ21 እንዳይበልጥ ወስኖ፣ በጀት እየሰጠ አስቀጠላቸው። በኋላ ሲዘጉ ከተሰጡት ምክንያቶች አብዛኞቹ ያን ጊዜም የሚታወቁ ነበሩ።

ነገሩን የለወጠው አንድ ጥይት ነው። ጁላይ 7 ቀን 2023 በቶሮንቶ ምሥራቅ፣ ሌስሊቪል በሚባለው ሰፈር፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች መንገደኛ ከጣቢያው ደጅ ላይ የዕፅ ነጋዴዎች ሲታኮሱ በባዘነ ጥይት ተመትታ ሞተች። ከጣቢያው ሠራተኞች አንዷም በወንጀሉ ጉዳይ ተከሰሰች። በዚያ ሰፈር ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ከዚህ በኋላ የጥናት አኃዝ ማቅረብ ከንቱ ነው። ነዋሪዎቹ ቀደም ሲልም ስለ ሻጮቹ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ጩኸቱ ደጋግመው ተናግረው ነበር። የጣቢያ ደጋፊዎች ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የጎረቤቱን አቤቱታ ሁሉ የጥላቻ ንግግር አድርገው ቆጠሩት፣ ማዘጋጃ ቤቱም በመሐል ገብቶ ደጁን የሚያስጠብቅ ደንብ ሳያወጣ ዘገየ። ክፍለ ግዛቱ ከግድያው በኋላ ያስደረጋቸው ሁለት ግምገማዎች ግን ጥበቃው ይጠናከር፣ ከሰፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይስተካከል አሉ እንጂ ይዘጋ አላሉም።

መንግሥት ያቀረበው ሌላው ማስረጃ ቁጥር ነበር። በ2023 በቶሮንቶ ጣቢያዎች አካባቢ የተመዘገበው የድብደባ ወንጀል ከቀረው ከተማ በ113 በመቶ፣ ዝርፊያው በ97 በመቶ ይበልጣል ተባለ። አኃዙ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ነገር ግን ትንሽ ነው። ጣቢያዎቹ የተከፈቱት ችግሩ አስቀድሞ በነበረበት ቦታ ነው፣ ሰው እየሞተባቸው ባሉ ጎዳናዎች። ማወቅ የሚያስፈልገው ከመከፈታቸው በፊትና በኋላ ምን እንደተለወጠ ነው። ለሞት ይህ ንጽጽር ተሠርቷል። በ2024 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት፣ በቶሮንቶ ጣቢያ በተከፈተ በ500 ሜትር ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት 67 በመቶ መቀነሱን አገኘ። ከዚያ በፊት በ2011 ላንሴት ላይ የታተመው የቫንኩቨር ጥናትም በኢንሳይት ዙሪያ በተመሳሳይ ርቀት የ35 በመቶ ቅናሽ መዝግቦ ነበር፤ የቀረው ከተማ ቅናሽ 9 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም በአካባቢ ንጽጽር የተሠሩ ናቸውና ምክንያትና ውጤትን እንደ መድኃኒት ሙከራ አጥብቀው አያስሩም፤ ግን ሁለቱም የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እንምጣ። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው ሕግ ጣቢያዎቹን በ200 ሜትር ደንብ ከመዝጋት አልፎ ብዙ ሰው ልብ ያላለውን ሌላ ነገር አድርጓል። በካናዳ ጣቢያ ለመክፈት ከፌዴራሉ የዕፅ ሕግ ልዩ ነፃነት ማግኘት ያስፈልጋል። አዲሱ ሕግ ማንኛውም የኦንታሪዮ ማዘጋጃ ቤት ወይም የአካባቢ ቦርድ ያለ ክፍለ ግዛቱ ጤና ሚኒስትር ፈቃድ ይህን ነፃነት እንዳይጠይቅ ከለከለ። ለመንገዱ ዕፅ በመድኃኒት ደረጃ የተዘጋጀ ምትክ ለማቅረብ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ እንዳይጠይቅም እንደዚሁ። ሌላ ድርጅት የሚያቀርበውን ማመልከቻ በምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ መደገፍ እንኳ ፈቃድ የሚያሻው ሆነ። ማለትም የተመረጠ ምክር ቤት ተሰብስቦ «ይህን እንደግፋለን» ብሎ እጅ ማውጣቱ የሌላ ሰው ፊርማ ይጠብቃል።

ይህ ለምን ተቻለ ለሚል፣ መልሱ በካናዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው። ከተሞች በዚያ ሰነድ የራሳቸው ሥልጣን የላቸውም፤ ክፍለ ግዛቱ ፈጥሯቸዋል፣ ሊለውጣቸውም ይችላል። በ2018 ምርጫ እየተካሄደ ሳለ የፎርድ መንግሥት የቶሮንቶን ምክር ቤት ወደ 25 መቀመጫ ሲያሳንሰው ከተማዋ ተከራክራ በ2021 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ተረታለች። ያ ፍርድ ስለ ወንበር ቁጥር ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በጣቢያዎቹ ጉዳይ ቶሮንቶ ምን ያህል አቅም እንዳላት አስቀድሞ የነገራት ግን እሱ ነው። የሚገርመው የወጪው አደላደል ነው። ማዘጋጃ ቤቶች የሕዝብ ጤናን ወጪ ይጋራሉ፤ መጠለያ፣ አምቡላንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መናፈሻ፣ ፖሊስ እነሱ ዘንድ ነው። የኦንታሪዮ ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ በ2024 በክፍለ ግዛቲቱ ቤት አልባ የሆኑት ሰዎች ከ80,000 በላይ ናቸው ብሏል። ከእነዚህ ውስጥ ዕፅ የሚወስደው ሰው ጣቢያ ሲያጣ የሚሄደው ወደ ሌላ የክፍለ ግዛት ሕንፃ አይደለም። ወደ ከተማው ደረጃ፣ ወደ ከተማው መጸዳጃ ቤት ነው።

ቶሮንቶ ተቃወመች። ከንቲባ ኦሊቪያ ቻው ውሳኔውን ነቀፉ፣ የከተማው የጤና ቦርድም ክፍለ ግዛቱ እንደገና እንዲያስብበት ጠየቀ። ድምፅ ከፍ ማድረግ ከዚህ አያልፍም ነበር። ከተማዋ ቀደም ብሎም በዚህ መስክ ተሸንፋለች፤ በ2022 ለግል ጥቅም የሚያዝ ዕፅ ወንጀል እንዳይሆን ለፌዴራሉ መንግሥት ያቀረበችው ጥያቄ፣ ፎርድ አጥብቀው ከተቃወሙት በኋላ፣ በሜይ 2024 ውድቅ ተደርጓል። በቪክቶሪያ ጎዳናው ጣቢያ ደግሞ የከተማዋ ሁኔታ ከሌሎች ይከፋል፤ የሚዘጋው የራሷ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ነበር። ስለዚህ በአንድ በኩል መዘጋቱን እየተቃወመች በሌላ በኩል የመዝጊያውን ዕቅድ የምታዘጋጅ ሆነች።

ሆኖም «ከተሞች ተቃወሙ፣ ክፍለ ግዛቱ ጫነባቸው» የሚለው ትረካ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። በኦክቶበር 2024 መጨረሻ አሥራ ሁለት የኦንታሪዮ ከንቲባዎች ለፎርድ ደብዳቤ ጻፉ፤ የቤት አልባዎችን የድንኳን ሰፈሮች ለማንሳት እንዲያመች፣ ክፍለ ግዛቶች የመብት ቻርተሩን አንዳንድ አንቀጾች ለጊዜው እንዲሻገሩ የሚፈቅደውን አንቀጽ እንዲጠቀሙ ጠየቁ። በዚህ መንገድ የመንግሥትን ጠንካራ ክንድ የጋበዙ ከንቲባዎች ነበሩ። ሃሚልተን ደግሞ በ2023 በቤት አልባነት፣ በሱስና በአእምሮ ጤና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጃ ነበር፤ አዋጁ ግን ገንዘብ አላስከተለላትም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የነበራትን አንድ ጣቢያ አጣች።

ከአሥሩ መዘጋት በፊትም ሌላ መዝጋት ነበር፣ ያለ አዋጅ የሆነ። ከሌስሊቪሉ ግድያ በኋላ ክፍለ ግዛቱ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። በዚህ የተያዙት ገና የተከፈቱና የክፍለ ግዛቱን በጀት የሚጠባበቁ ጣቢያዎች ነበሩ። በሰድበሪ የነበረው በከተማው ገንዘብ ለጊዜው ቆይቶ በማርች 2024 ተዘጋ። የዊንዘሩ በ2023 ተከፍቶ ዓመት ሳይሞላው ሥራ አቆመ፣ የቲሚንሱም በ2024 ተከተለ። ሦስቱንም ማንም «ዝጉ» አላላቸውም፤ ማንም «እሺ» ብሎ አልመለሰላቸውም እንጂ። የሰሜን ኦንታሪዮ ከተማ የግብር መሠረት እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለዓመታት ሊሸከም አይችልም፣ ይህንን ከላይ ያሉት በሚገባ ያውቃሉ። የሰሜን ምዕራቡ ብቸኛ ጣቢያ በተንደር ቤይ የነበረው ሲሆን፣ ከተማዋ በክፍለ ግዛቲቱ በኦፒዮይድ (በፌንታኒልና መሰሎቹ) ሞት መጠን ከፊት የምትሰለፍ ናት። ከዚያ እስከ ቶሮንቶ በመኪና 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 200 ሜትር የሚለካ ደንብ ለእንዲህ ያለ ቦታ የታሰበ አይመስልም።

ከኦንታሪዮ ወጣ ስንል አልበርታ ሌላ መልክ ታሳያለች። ሬድ ዲር የምትባል መካከለኛ ከተማ ውስጥ የከተማው ምክር ቤት ራሱ በፌብሩዋሪ 2024 በአብላጫ ድምፅ ክፍለ ግዛቱ ጣቢያውን እንዲዘጋ ጠየቀ። ክፍለ ግዛቱም በደስታ ተቀብሎ፣ ጣቢያው ልክ እንደ ኦንታሪዮዎቹ ማርች 31 ቀን 2025 ተዘጋ። ይህን ስጽፍ የምክር ቤቱ አባላት ጨካኞች ናቸው ለማለት አይደለም። ጣቢያው መሐል ከተማ በጊዜያዊ ቤት ውስጥ ለዓመታት «ጊዜያዊ» ሆኖ የቆየ፣ በዙሪያው ያለው ነጋዴ የተማረረበት ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ከተማው ለመዝጋት ሲጠይቅ የአካባቢ ድምፅ የተከበረ ሆነ፤ ቶሮንቶ ላለመዝጋት ስትጠይቅ የአካባቢ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱ ከተሞች ያሉት በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ነው፣ አመክንዮው ግን ተዛማጅ ነው።

በዚያው አልበርታ ሌዝብሪጅ ቀድማ አይታዋለች። በፌብሩዋሪ 2018 የተከፈተው ጣቢያዋ የማጨሻ ክፍል የነበረውና በሰሜን አሜሪካ እጅግ ብዙ ሰው የሚገባበት ነበር። በ2020 በሒሳብ ምርመራ የገንዘብ ጉድለት ተገኘ ተብሎ በጀቱ ተቋረጠ፣ በኦገስት መጨረሻ ተዘጋ። ፖሊስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክስ የሚያስመሠርት ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ ያን ጊዜ በሩ ከተቆለፈ ወራት አልፈዋል። ክፍለ ግዛቱ በምትኩ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ጣቢያ አቆመ። በጎ ፈቃደኞች በበኩላቸው መናፈሻ ውስጥ ድንኳን ተክለው ከፖሊስና ከከተማው አስተዳደር ጋር ተጋጩ። ቫንኩቨር ላይ ደግሞ ዘጊው ከተማው ራሱ ሆነ፤ በየልታውን ሰፈር የነበረው ጣቢያ የከተማው አስተዳደር የኪራይ ውሉን ስላላደሰለት በ2024 ከቤቱ ወጣ። ምክር ቤት ሕግ ሳያወጣ፣ በአከራይነቱ ብቻ ምን ያህል ማድረግ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ ለመዝጋት የተጠቀመበት ሥልጣን ለመክፈትም ይሆን ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮን የማነሳው ለጥንቃቄ ነው። ከተማዋ በጃንዋሪ 2022 ቴንደርሎይን በተባለ ሰፈር ውስጥ የእርዳታ ማዕከል ከፈተች፤ በይፋ የዕፅ መውሰጃ ጣቢያ አልተባለም፣ ግን በግቢው ይወሰድ ነበር፣ ሠራተኞቹም 333 ሰዎችን ከሞት መለሱ። የካሊፎርኒያ ገዢ ጋቪን ኒውሰም በዚያ ዓመት ኦገስት ጣቢያዎችን በሙከራ የሚፈቅደውን ሕግ ውድቅ አደረጉት፣ ማዕከሉም በዲሴምበር ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት በከተማዋ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ከ800 በላይ ሆኑ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ቁጥር። «ይኸው!» ለማለት ያጓጓል። ነገር ግን በ2024 ሞቱ ያለ ምንም ጣቢያ በጉልህ ቀነሰ። ኦንታሪዮም ውስጥ በ2023 ከ2,600 በላይ የነበረው የኦፒዮይድ ሞት በ2024 ወደ 2,200 ገደማ ወርዷል፣ ጣቢያዎቹ ገና ሳይዘጉ። በመላው ሰሜን አሜሪካ የመንገዱ ዕፅ ይዘት እየተለወጠ ነው፤ ማዕበሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲሄድ ትናንሽ ጣቢያዎች ብቻቸውን አይገፉትም። ስለዚህ ከመዘጋቱ በኋላ ሞቱ ቢቀንስ ሚኒስትሮቹ «አላልንም?» ይላሉ፣ ቢጨምር ተቃዋሚዎቹ እንደዚሁ። ከሁለቱም የከተማ ወይም የክፍለ ግዛት ጠቅላላ ድምር ይዞ የሚመጣውን ባናምን ይሻላል፤ መታየት ያለበት በየጣቢያው ዙሪያ ባሉ ጎዳናዎች የአምቡላንስ ጥሪና ሞት ምን እንደሆነ ነው።

መዝጋትን በሚመለከት ከሁሉ የሚያስተምረው ከተማ ግን የስዊዘርላንዷ ዙሪክ ነው፣ የሚገርመው እሷን የሚጠቅሳት ሰው ጥቂት መሆኑ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፖሊስ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለውን ፕላትስፒትስ መናፈሻ ለዕፅ ተጠቃሚዎች ትቶት ነበር፤ የዓለም ጋዜጠኞች «የመርፌ መናፈሻ» እያሉ የጎበኙት እሱን ነው። በፌብሩዋሪ 1992 ተዘጋ። በቂ የሕክምናና የመጠለያ ቦታ ሳይዘጋጅ ስለተዘጋ ሕዝቡ በአካባቢው ሰፈሮች ሲንከራተት ቆይቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሌተን በተባለ አገልግሎቱ የቀረ የባቡር ጣቢያ ላይ እንደገና ተሰባሰበ፤ የባሰ ሆነ። ሌተን በፌብሩዋሪ 1995 ሲዘጋ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1994 ለከባድ ሱሰኞች በሐኪም ትእዛዝ ሄሮይን መስጠት ተጀምሯል፣ ሜታዶን የተባለው ምትክ መድኃኒት የሚሰጥበት ቦታ በዝቷል፣ በከተማው የተበታተኑ የዕፅ መውሰጃ ክፍሎች ተከፍተዋል፣ ከሌላ ቦታ የመጡት ወደየማዘጋጃ ቤታቸው ይመለሱ ነበር፣ እነዚያም እንዲቀበሉ ተደርጓል። ከተማ፣ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) እና ፌዴራል መንግሥት አንድ ላይ ሠሩ። የተከፈተው የመንገድ ገበያ ተመልሶ አልመጣም። በ2008 የስዊስ ሕዝብ በሪፈረንደም በ68 በመቶ ድምፅ የሄሮይን ሕክምናውን ቋሚ አደረገው። አንድ ከተማ በሦስት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ዘጋ፤ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው የለየው ሰዎቹ የሚገቡበት በር አስቀድሞ መከፈቱ ነበር። ሁለተኛውን መዝጋት ያቀላጠፉት ክፍሎች ኦንታሪዮ ከዘጋቻቸው ጣቢያዎች ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ለፎርድ መንግሥት ፍትሐዊ ለመሆን፣ ባዶ እጁን አልመጣም። የቤት አልባነትና የሱስ ማገገሚያ ማዕከላት የሚላቸውን መጀመሪያ 19፣ በኋላ 27 አድርጎ ከ500 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ መደበላቸው፤ የመኖሪያ ቤት፣ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና አብሮ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ሲለመን የኖረ ነው፣ ብዙ ከተሞችም በደስታ ተሻሙበት። ሁኔታው ግን ከባድ ነው፦ በእነዚህ ማዕከላት ውስጥ ዕፅ መውሰድ ብቻ ሳይሆን መርፌ ማደልም አይፈቀድም። ሕክምና ዛሬ የጠየቀ ሰው ወረፋ ቢጠብቅ፣ እስከዚያ ድረስ የሚወስደውን የት ይወስዳል? ማዕከላቱ ለዚህ መልስ የላቸውም። የክፍለ ግዛቲቱ ዋና ኦዲተር በዲሴምበር 2024 ባወጡት ዘገባ ሚኒስቴሩ ወደ አዲሱ አሠራር የገባው በቂ ዕቅድና የተጽዕኖ ጥናት ሳያደርግ ነው ሲሉ ወቅሰዋል። ኦዲተር የሚናገረው ስለ ፖለቲካ ሳይሆን ስለ አሠራር ነውና ወቀሳው ከሁሉም ይከብዳል።

መዝጊያው ቀን ሲቃረብ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። በቶሮንቶ ኬንሲንግተን ማርኬት ያለውን ጣቢያ የሚያስተዳድረው ድርጅት ሕጉ የመብት ቻርተሩን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ፤ ዳኛው ማርች 28 ቀን 2025፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፍርድ እስኪሰጥ ጣቢያዎቹ እንዲቆዩ እግድ ሰጡ። ለአንድ ቀን ያህል ደጋፊዎቹ ደስ አላቸው። ወዲያው ክፍለ ግዛቱ በጀቱ በመዝጊያው ቀን እንደሚቆም፣ ወደ ማገገሚያ ማዕከልነት የተሸጋገሩት የአዲሱን ገንዘብ ለቀድሞው ሥራ ማዋል እንደማይችሉ አስታወቀ። ከአሥሩ ዘጠኙ ተዘጉ። ኬንሲንግተን ማርኬት የክፍለ ግዛቱን በጀት ስለማያገኝ፣ በለጋሾች ስለሚኖር፣ ክፍት ቆየ። የእግድ ወረቀት በእጁ ይዞ ገንዘብ ያጣ ተቋም ምን ያህል መብት አለው? የሕግ ባለሙያዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው፤ ለከተሞች ግን ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ኬንሲንግተንን ያቆየው ከክርክሩ ይልቅ የራሱ ቦርሳ ነው። ቶሮንቶም በዚያ ሰዓት ቦርሳዋን ልትከፍት ትችል ነበር ብሎ የሚከራከር አለ፤ ፈቃዱ በሚኒስትሩ እጅ እስካለ ድረስ ግን ለራሷ ጣቢያ የምታወጣው ገንዘብ የአንድ ፊርማ ዕድሜ ነው የሚኖረው።

ታዲያ ለማዘጋጃ ቤት የቀረለት ምንድን ነው? ያን ያህል ትንሽ አይደለም፣ ብዙም አይደለም። ናሎክሶን በየቤተ መጻሕፍቱና በየመዋኛ ገንዳው ማስቀመጥ፣ ሠራተኛውን ማሠልጠን፤ አሁን በመንገድ ዕፅ ውስጥ ከፌንታኒሉ ጋር የሚቀላቀሉት ማደንዘዣዎች ለናሎክሶን ምላሽ ስለማይሰጡ፣ ኦክስጅንና ትንፋሽ መስጠትንም ማስተማር። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን በሰው ማስጠበቅ። የመርፌ መጣያ ማብዛት። ከፖሊስ በተጨማሪ የቀውስ ጊዜ ቡድን መላክ፤ ቶሮንቶ ይህን በሰፊው ጀምራዋለች። በመጠለያ ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበትን አሠራር ማደራጀት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈጃል፣ በብዙ ቦታ ስለተበታተነ ግን በበጀት ሰነድ ላይ በአንድ መስመር አይታይም። የቤተ መጻሕፍት ጸሐፊ ለነርስ ሥራ አልተቀጠረም ነበር።

ይህ የእኛም ሰው ጉዳይ ነው፣ ምንም እንኳ በማኅበረሰባችን ስለ ዕፅ የሚወራው በሹክሹክታ ቢሆን። ጥይቱ የተተኮሰበት ሌስሊቪል ከዳንፎርዝ ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚደረስበት ሰፈር ነው። ሌላው የቶሮንቶ ጣቢያ የተዘጋበት የሪጀንት ፓርክ ሰፈር ለአሥርት ዓመታት የሐበሻ ቤተሰቦች የኖሩበት ነው። ከሁለቱም በኩል አለን፤ ልጇን ይዛ በመርፌ መሐል የምታልፈው እናትም፣ በመጠለያ ውስጥ ሌሊት ተረኛ ሆና ናሎክሶን የምትሰጠውም፣ ስሙ ከቤት የማይነሳው ልጅም። በስብሰባ የሚሰማው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያዋ ድምፅ ነው፤ የሦስተኛው ዘመድ ለቅሶ ላይ እንኳ ምን እንደገደለው አይናገርም።

በጁን 2025 ኦንታሪዮ ሌላ ሕግ አጸደቀች፣ ሕገ ወጥ ዕፅን በአደባባይ መውሰድን ለብቻው የሚያስቀጣ። ተጠቃሚው በቤት ውስጥ እንዳይወስድ ጣቢያው ተዘግቷል፣ በውጭ እንዳይወስድ ይቀጣል። የሚያስፈጽመው የከተማው ፖሊስ ነው፣ ደመወዙ ከከተማው የንብረት ግብር። ኦክቶበር 26 ቀን 2026 ደግሞ በመላ ኦንታሪዮ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ነው፤ ዕጩዎቹ በየደጃፉ ሲዞሩ ስለ መናፈሻው መርፌና ስለ ባቡር ጣቢያው ደረጃ መጠየቃቸው አይቀርም። ዳንፎርዝ ላይ በር ለሚያንኳኳ ዕጩ እኔ የማቀርበው ጥያቄ የተለየ ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ ከላይ «ዝጉ» ሲባል ለሚኒስትሩ ምን ብለህ ትጽፋለህ፣ ጣቢያውስ ደጁን እንዲያስጠብቅ ከመዘጋቱ በፊት ምን ታደርጋለህ?